የጅቡቲ ከተማ ዜማ ወዳዶች

ከማንበብ በፊት

1. ባለፈው ዓመት ከሰማችኋቸው ዘፈኖች መካከል ለጓደኛችሁ «ይህን ስማ» ብላችሁ ያዋሳችሁት አለ? ለምን መረጣችሁት?
2. ዘፈን በሸክላና በካሴት ይሰማ በነበረበት ዘመን ሰው የወደደውን ዘፈን እንዴት ያገኝ እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ ተናገሩ።

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምንባብ

ዜማ የሚወድ ሰው የወደደውን ዘፈን ለብቻው ሰምቶ አይጠግብም። ወዳጁ እንዲሰማለት ይፈልጋል፤ ወዳጁም ሰምቶ «ከዚህ የሚበልጥ እኔ ዘንድ አለ» ያለው እንደሆነ ክርክር ይነሣል። ዓመት ሲገባደድ ደግሞ ክርክሩ ከቤት ወጥቶ አደባባይ ይውላል። በአዲስ አበባ በሸገር ራዲዮ የሚተላለፈው «ለዛ» የተባለው ዝግጅት አድማጮች የዓመቱን አልበም በድምፅ ብልጫ እንዲመርጡ ሲያደርግ ቆይቷል። በምርጫው ሰሞን በታክሲውም በቡና ቤቱም የእገሌ ይበልጣል፣ የእገሌ ያንሳል መባሉ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አልበም ለመምረጥ አስቀድሞ አልበም መኖር ይገባዋል። ታትሞና ዋጋ ወጥቶለት በሱቅ የሚሸጥ አልበም እምብዛም በማይገኝበት አገር ዜማ ወዳድ ምርጫውን በምን ይገልጻል? ይህንን ጥያቄ ለመመርመር ከጅቡቲ ከተማ የሚሻል ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ ጋር ያላት ዝምድና ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። በ1897 ከባሕሩ ዳር ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። በመካከለኛው የከተማዋ ክፍል የሚገኘው አደባባይም ዛሬ የነጻነት ቀኗን 27 ጁን 1977ን በስሙ ይዞ ይጠራ እንጂ በቅኝ ግዛቱ ዘመን «የምኒልክ አደባባይ» ይባል ነበር። ሕዝቧ ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል፤ የመንግሥቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። እንዲህ ባለች ከተማ አንድ ዓይነት ዜማ ብቻ ሊሰማ አይችልም። ከባሕሩ ማዶ የየመን ዑድ፣ ከሕንድ የፊልም ዘፈን፣ ከሱዳንና ከግብፅ የኦርኬስትራ ቅኝት፣ ከደጋው የኢትዮጵያ ሸክላ እየመጣ ከአገሬው ከበሮና ጭብጨባ ጋር ተገናኘ። ድንበሩን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ዘፋኝም ይሻገረው ነበር። ኋላ በኦሮምኛ ዘፈኑ ታላቅ ዝና ያተረፈው አሊ ቢራ ገና በወጣትነቱ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ በቅኝ ገዢዎቹ ተይዞ እንዲመለስ ተደርጓል። አዲስ አበባ ወጥቶ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ካሴት ሳይኖር፣ ራዲዮም በየቤቱ ሳይገባ፣ የተወደደ ዘፈን የሚዛመተው በሰው አፍ ነበር። በ1940ዎቹ «ባልዎ» የተባለውን አጭር የፍቅር ዜማ የጀመረው አብዲ ሲኒሞ የጭነት መኪና ሹፌር እንደነበረ ይነገራል። የሥራው መንገድ ቦረማን፣ ጅቡቲንና ድሬዳዋን የሚያገናኝ ስለነበረ ዘፈኑም በዚያው መንገድ ተጓዘ፤ ሹፌር ለረዳቱ፣ ረዳት ለሻይ ቤቱ እየነገረ ማለት ነው። የሃይማኖት አባቶች «ወጣቱን ያባልጋል» ብለው ቢያወግዙትም አልቆመም። እየረዘመና እየዳበረ ሄዶ «ሄሎ» የተባለውን የሶማሌ ዘመናዊ ዘፈን ወለደ፤ አብዱላሂ ቃርሼን የመሰሉ የዑድ ተጫዋቾችም መሣሪያ ጨመሩለት።

በዚህ ስፍራ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በሶማሌ ዘፈን ውስጥ ግጥም የሚገጥመው አንድ፣ ዜማ የሚያወጣው ሌላ፣ የሚዘፍነው ደግሞ ሦስተኛ ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። ግጥሙ «ሚዶ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ፍሬ» ማለት ነው። ድምፁና መሣሪያው ምንም ያህል ቢያምር ፍሬ የሌለው ዘፈን ለሶማሌ አድማጭ ገለባ ነው። ሰምና ወርቁን ለይቶ ለሚያዳምጥ ኢትዮጵያዊ ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንበትም።

ጅቡቲ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የሙዚቃው ሥራ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ገባ። የሙዚቃ ቡድኖች የተለያዩ የመንግሥት አካላት ነበሩ፤ የድምፅ መቅረጫ ክፍሉ የብሔራዊው ራዲዮና ቴሌቪዥን ነበር። ከቡድኖቹ ሁሉ የታወቀው «ካትር ማርስ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማርች አራት» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ኋላ ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ የሆነው የገዢው ፓርቲ በ1979 ከተመሠረተበት ዕለት ሲሆን ቡድኑም የዚያው ፓርቲ ነበረ። የአንድነትና የልማት ዘፈን ይዘፍናል፤ የፍቅርም ይዘፍናል። ሕዝቡ የትኛውን አብልጦ ይወድ እንደነበር ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

የኢትዮጵያም ታሪክ በመጀመሪያ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስመ ጥሩዎቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ነበሩ፤ ሸክላ የማሳተሙም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት ግን በ1969 ይህንን ክልከላ ተላልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። እስር ያሰጋው ነበር፤ ነገር ግን ሸክላው ወጣ፣ ተሸጠ፣ ሌሎችም አሳታሚዎች ተከተሉት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የአዲስ አበባ ወጣት የወደደውን ዘፈን በገንዘቡ ገዝቶ ቤቱ መውሰድ ቻለ። በጅቡቲ ከተማ እንዲህ ያለ ደፋር አሳታሚ አልተነሣም ወይም ቢነሣም ገበያው አልበቃውም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት። ስለዚህ ዘፈኑ በራዲዮ ጣቢያው ተቀርጾ በራዲዮ ጣቢያው ቀረ። አድማጭ የሚያገኘው በአየር ላይ ሲተላለፍ ብቻ ነው።

ካሴት መቅጃ ያለው ራዲዮ በ1970ዎቹ በአፍሪካ ቀንድ ከተሞች መዛመት ሲጀምር ይህ ሁኔታ ተለወጠ። አድማጩ ባዶ ካሴት አዘጋጅቶ ሰዓቱን ጠብቆ ይቀመጣል፤ የወደደው ዘፈን ሲጀምር ቁልፎቹን ይጫናል። ብዙ ጊዜ የዘፈኑ መግቢያ ያመልጠዋል፣ መጨረሻው ላይ የአስተዋዋቂው ድምፅ ይገባበታል፤ አንዳንዴም የሕፃን ለቅሶ አብሮ ይቀረጻል። እንዲህ የተቀዳው ካሴት ለጎረቤት ይዋሳል፣ ጎረቤት ከሌላ መቅጃ ጋር አገናኝቶ ይገለብጠዋል፣ የእርሱ ግልባጭ ደግሞ ለዘመድ በባቡር ይላካል። ወንዶች ከቀትር በኋላ ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣውን ጫት ይዘው በሚሰባሰቡበት «ማብራዝ» በሚባለው የመቀመጫ ክፍል ካሴቱ ከመካከል ተቀምጦ ይሰማል። (የጫቱ ነገር ብዙ የሚያነጋግር ሌላ ጉዳይ ነው።) «ይህን ግጥም ማን ገጠመው? ለማን ገጠመው? በዚህ ቃል ማንን ነካ?» የሚለው ጨዋታ ሰዓታት ይፈጃል።

እንግዲህ የዓመቱ ምርጥ የሚታወቀው በዚህ ነበር። የድምፅ ቆጠራ የለም፤ የሽያጭ ዝርዝርም የለም። ብዙ ጊዜ የተገለበጠው ዘፈን እርሱ የተመረጠው ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ግን በእያንዳንዱ ግልባጭ ላይ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይጨመራል፤ የዘፋኙም ድምፅ እየደበዘዘ ይሄዳል። በመሆኑም ሰው አብዝቶ የወደደው ዘፈን ከሁሉም ይበልጥ የተጎዳ ሆኖ ተገኘ። ማንም ያልፈለገው ዘፈን በመደርደሪያ ላይ ንጹሕ እንደሆነ ይኖራል፤ የተወደደው በመወደዱ ያልቃል።

ክሩ እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። የድምፅ ክር ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሆኖ በአንድ ገጹ ላይ የብረት ዝገት ዱቄት በማጣበቂያ ተለብጦበታል። ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በመቅረጫው ማግኔት በኩል ሲያልፍ የዱቄቱን ቅንጣቶች ያሰልፋቸዋል፤ ሲጫወት ደግሞ ሰልፉ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ሙቀትና እርጥበት የበዛበት እንደሆነ ማጣበቂያው ውሃ እየሳበ ይላቆጣል፣ ዱቄቱም እየተላጠ በማጫወቻው ላይ ይቀራል። ለብዙ ዓመታት ሳይዞር ተጠቅልሎ የተቀመጠም ክር የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ሌላው ዙር ያልፍበታል፤ ያን ጊዜ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ድምፁ ከሩቅ እንደ ገደል ማሚቶ ይሰማል። በጅቡቲ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የባሕሩም ወበቅ አለ። ከዚህ የከፋ የካሴት ጠላት ማሰብ ያዳግታል።

ከሙቀትም የከፋ ግን አለ። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን በደበደበ ጊዜ የከተማዋ ራዲዮ ሠራተኞችና ዜማ ወዳዶች ካሴቶችንና የቴፕ ጥቅሎችን በመሬት ውስጥ እንደቀበሩ፣ የተወሰኑትንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ እንዳሻገሩ ተጽፏል። ቤቱ እየነደደ ያለ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ ከታየ ስለ ምርጫ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ከጦርነቱ የተረፉት በሐርጌሳ በአንድ የባህል ማእከል ተሰብስበው ከዐሥር ሺህ በላይ ካሴቶች ሆነዋል። ከእነርሱና ከመሰሎቻቸው ተመርጦ በ2017 የታተመው «እንደ ተሰባበረ ተምር ጣፋጭ» የሚል ትርጉም ያለው አልበም በአሜሪካ ለግራሚ ሽልማት በታሪካዊ አልበም ዘርፍ ለመታጨት በቅቷል።

ያንን አልበም ያሳተመው በኒው ዮርክ የተመሠረተው ኦስቲናቶ የተባለ ድርጅት ነው። የድርጅቱ መሥራች ቪክ ሶሆኒ በ2016 ወደ ጅቡቲ ከተማ መጥቶ የብሔራዊውን ራዲዮ የቴፕ ቤተ መዛግብት ተመለከተ። በዚያ ያገኘው ከጦርነትም ከሙቀትም የተጠበቀ፣ ከአምስት ሺህ በላይ የሚሆን ጥቅል ነበር። ጅቡቲ እንደ ጎረቤቶቿ በከባድ ጦርነት ስላልፈረሰች መዝገቡም አልተበተነም። መንግሥት የዘፈኑ ብቸኛ ባለቤት መሆኑ በአንድ በኩል ገበያውን ዘግቶ በሌላ በኩል ክሩን አድኖታል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ሙሉ ፈቃድ የተገኘው በ2019 ነበር።

ይህ የውጭ አገር ሰው ድካም የአማርኛ ዘፈን ወዳዶችን አንድ የቀድሞ ታሪክ ያስታውሳቸዋል። በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከአዲስ አበባ የመጣ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ በአጋጣሚ ሰማ። በሰማው ተደንቆ ለሙዚቃ ጋዜጠኞች ወዳጆቹ በካሴት እየገለበጠ ላከላቸው፤ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ የሚነግረው ግን አላገኘም። በሚቀጥለው ዓመት ራሱ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር ታተመ፤ በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ተጀመረ። አንድ ሰው «ይህን ስሙ» ብሎ ወዳጆቹን መወትወቱ ይህን ሁሉ ሥራ አስከተለ።

በጅቡቲ የመጀመሪያው ፍሬ የተገኘው ከአሮጌው ክር ሳይሆን በሕይወት ካሉ ሙዚቀኞች ነበር። በራዲዮ ጣቢያው ስም «ግሩፕ ኤር ቴ ዴ» የሚባለው ቡድን በመደበኛ ሥራው የመንግሥት በዓላትና አቀባበሎች አጃቢ ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ግን አባላቱ የሚወዱትን ይጫወታሉ። ሳክስፎኒስቱ መሐመድ አብዲ «አልቶ» ይባላል፤ ቅጽል ስሙ የመሣሪያው ዓይነት መጠሪያ ነው። ከሞቃዲሾ የመጣ ጊታር ተጫዋች፣ አስማ ዑመር የተባለች ወጣት ድምፃዊትም ከመካከላቸው አሉ። ለቅጂው የተፈቀደላቸው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። በእነዚህ ሦስት ቀኖች የተቀረጸው አልበም «የጅቡቲ ጨፋሪ ሰይጣናት» በሚል ርእስ በ2020 ወጣ። አሳታሚው እንደገለጸው ከጅቡቲ ለዓለም ገበያ የቀረበ የመጀመሪያው አልበም ይኸው ነው፤ ከነጻነት አርባ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2021 ደግሞ ከመዝገቡ ክር የተመረጡ የካትር ማርስ ዘፈኖች ተከተሉ።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በካሴቱ ዘመን መራጩ ሰፈሩ ነበር፤ አሁን መራጩ ማን ነው? አምስት ሺህ ጥቅል እንዲሁ በአንድ ጊዜ አይሰማም። አንድ ጥቅል በአማካይ ግማሽ ሰዓት ይይዛል ብንል በጠቅላላው 2,500 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ ሠራተኛ ከሦስት መቶ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ክር በፍጥነት አይገለበጥም፤ የግማሽ ሰዓቱ ዘፈን ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይቆያል። ቀዳሚውን የሚወስነው ጆሮ ሶማልኛ የማያውቅ የሆነ እንደሆነ የሚያስጨፍረውን፣ ኦርጋኑ የሚማርከውን፣ የሳክስፎኑ አካሄድ እንግዳ የሆነበትን ይመርጣል። ይህ ምርጫ የተሳሳተ ነው ማለት አይቻልም፤ ሙዚቃው በእውነት ያስጨፍራል። ነገር ግን ፍሬውን ትቶ የወሰደ ምርጫ ነው። ከዑድ በቀር መሣሪያ የሌለበት፣ ግጥሙ ግን በማብራዙ ሦስት ቀን ያከራከረ ዘፈን በዚህ ሚዛን ላይ ከወጣ ቀላል ሆኖ መገኘቱ አይቀርም።

አልበሙን በፓሪስ ወይም በኒው ዮርክ የገዛው ሰው ከሸፋኑ ጋር የተሰጠውን መግለጫ ገልብጦ መቅረጫው ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ከበሮውን ማን እንደመታው ይፈልጋል። በጅቡቲ ከተማ ያንኑ ዘፈን በልጁ ስልክ የሚሰማ አረጋዊ ግን ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ግጥሙ የማን ነው?

መልመጃ

ሀ. ቀጥሎ ለቀረቡት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልስ ስጡ።

1. በጅቡቲ ከተማ የዓመቱ ምርጥ ዘፈን የሚታወቀው በምን ነበር?
2. «የተወደደው በመወደዱ ያልቃል» የተባለው ስለ ምንድን ነው? አስረዱ።
3. በጅቡቲ ሙዚቃ በመንግሥት እጅ መሆኑ ያስከተለውን ጉዳትና ጥቅም ግለጹ።
4. የአምሃ እሸቴና የፍራንሲስ ፋልሴቶ ሥራ በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያያል?

ለ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ከተናገራችሁ በኋላ በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡአቸው።

ይወትውታል፤ ይላቆጣል፤ ገለባ፤ ጥብጣብ፤ ግልባጭ፤ የገደል ማሚቶ

ሐ. አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ ባለፈው ዓመት ከሰማችኋቸው ዘፈኖች አንዱን ብቻ ምረጡ። መጀመሪያ ግጥሙን፣ ቀጥሎ ዜማውን፣ በመጨረሻም ድምፁን ለየብቻ እያነሣችሁ ምርጫችሁን ለጓደኞቻችሁ አስረዱ። ሦስቱ ነጥቦች ባልተስማሙላችሁ ጊዜ የትኛውን እንዳስቀደማችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።